ያኮረፈው ቅጠል

«አይደክሜ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የማጣጠፊያ ክፍሏ እትዬ መቀስ ናቸው። ሲያወጡለት ለነቀፋ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሽልማት ተቀብሎ ለብዙ ዓመታት በኩራት ተሸከመው። ሰው የሚጠፋበትን ነገር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ በገዛ እጁ ደረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።

ሥራው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ መንደፍ ነበር። በመጋረጃ፣ በአንሶላ፣ በጠረጴዛ ልብስና በትራስ ጨርቅ ላይ የሚታተመው አበባና ሐረግ ሁሉ መጀመሪያ የሚወለደው በእሱ ወረቀት ላይ ነው። የንድፍ ክፍሉ ከማተሚያው አዳራሽ በላይ ነው፤ በብረት ደረጃ ይወጣበታል፤ አንደኛው ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ መስኮት ነው። በመካከሉ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ጠርዙ የስንቱን ነዳፊ ክርን አስተናግዶ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ከሥር ማተሚያው ሲነሣ ጠረጴዛው በቀስታ ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሽ የሚነከርበት የብርጭቆ ውሃም ክብ ክብ እየሠራ ይርገበገባል።

ወደዚህ ክፍል ያስገቡትና ሥራውን ያስተማሩት አሮጌው የንድፍ አለቃ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም የሆነ ሰው። እኒህ ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ይለሳለሱ እንደሆነ እንጂ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው። ሕጉ «ጠረጴዛ ማልበስ» ይባላል። ንድፍ አልመጣ ሲል፣ ወይም አንድ ንድፍ አልቆ ወደ ማተሚያው ከመውረዱ በፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አቡጀዲ ይለብሳል። አቡጀዲው እስኪነሣ ድረስ እርሳስ መንካት ነውር ነው። ነዳፊው ደረጃውን ወርዶ ወደ ገበያ ቢሄድ፣ ከሰው ጋር ቆሞ ቢያወራ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ተጋድሞ ቢያንኮራፋ አለቃው አንድ ቃል አይናገሩም። የሚቆጡት ጠረጴዛው ለብሶ ሳለ ከወንበሩ ያልተነሣውን ነው።

«ምን ታፈጣለህ?» ይሉታል ከበሩ ላይ።

«አልመጣ ብሎኝ ነው ጋሼ። ትንሽ ብታገለው ይመጣል።»

«እንግዳ በሩ ላይ ቆመህ እያፈጠጥክበት ይገባል እንዴ? ዘወር በልለት እንጂ! መሬት እንኳ ጦሙን ያድራል። ጦሙን አድሮ የማያውቅ መሬት ኋላ ምን እንደሚያበቅል ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«አረም። እሱንም የቀጨጨ አረም። ውጣ!»

ይወጣል። ብዙውን ጊዜ እያጉረመረመ ነው የሚወጣው። ነገር ግን ሲመለስ፣ አቡጀዲውን ሲያነሣ፣ ቀድሞ እንደ ግንብ የቆመበት ወረቀት በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን አለቃው አስረድተውት አያውቁም። አስተማሪ ሁሉንም ነገር እንዲያስረዳ የሚጠብቅ ተማሪ የተማረውን አያከብርም።

አንድ ዓመት የፋብሪካው የእንፋሎት ማሞቂያ ተበላሸና ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ተሰናበተ። እሱ ገና ትዳር የያዘበት ጊዜ ነው። የተከራዩት ክፍል መስኮት ከጎረቤት የግንብ አጥር ጋር የተፋጠጠ ነበር፤ በአጥሩ ላይ ሐረግ ተንጠላጥሎበታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሐረጉ ጥላ መጋረጃ በሌለው መስኮት ገብቶ በግድግዳቸው ላይ ይዘረጋል። እሱ በጀርባው ተንጋሎ ያያል፤ ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣለች፤ ማንም ማንንም አያስቸኩልም። ቅጠሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩ፣ አንዲት ቅጠል ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ግንቡ ዞራለች።

«ያቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» አለ አንድ ቀን።

«ከባሏ ጋር ተጣልታ ይሆናላ» አለች ሚስቱ። «ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ፋብሪካው ሲከፈት ደረጃውን ወጣ፤ አቡጀዲውን አነሣ፤ ሐረጉን ከነጥላው፣ ከነዚያች ቅጠል፣ እጁን ሳያነሣ ነደፈው። አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ተመለከቱት።

«ይህን የሠራኸው አንተ አይደለህም» አሉ።

«በገዛ እጄ ነው ጋሼ! ከማንም አልቀዳሁም።»

«እጅማ የማን እጅ እንደሆነ ይታያል። የሠራው ግን መጋደምህ ነው። አክብረው። ያቺንም ቅጠል እንዳትነካት።»

ያ ሐረግ ለዓመታት ታተመ። ባለጠጋውም ድኻውም በየሳሎኑ ሰቀለው። ቅጠሏ የምትገኘው ንድፉ አልቆ ከራሱ ጋር እንደገና በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ የማጣጠፊያ ክፍሉ ሴቶች ጨርቁን የሚያጥፉት እሷን እያዩ ነበር። እትዬ መቀስ፣ በወገባቸው መቀስ በአፋቸውም መቀስ የማይለያቸው የክፍሉ አንጋፋ፣ «ያኮረፈው ቅጠል» አሏት። ቅጠል ሴት ትሁን ወንድ ለእሳቸው ግድ አልነበራቸውም። «ያኮረፈው ጋ እጠፊ!» የሚለው ድምፅ በአዳራሹ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማ ነበር። የማጣጠፊያ ክፍሉም ራሱ በዚያው ጨርቅ መስኮቱን ጋረደ።

አሮጌው አለቃ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከመሄዳቸው በፊት አቡጀዲውን አሳጥበው፣ አጣጥፈው፣ በእጁ ላይ አኖሩለት። «ይህን ለሌላ ነገር እንዳታውለው» ከማለት በቀር ምክር አልጨመሩም።

እሱም ለጥቂት ጊዜ ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቀን እንግዶች ፋብሪካውን ሊጎበኙ መጡ። ጠረጴዛውን አልብሶ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ኮቱን ተንተርሶ ተጋድሞ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ቆም አለና «ይሄ ደግሞ የዛፉ ዘበኛ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንግዳውም ወዲያው ረስቶታል። ነገሩ ግን በእሱ ላይ እንደ ፍላጻ ተሰካበት። ኮቱን አራግፎ ተነሣ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ፤ አቡጀዲውን ገፈፈና እንደ እብድ ይሠራ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛው ለብሶ አያውቅም። አቡጀዲውንም፣ መቼም ነጭ ጨርቅ በከንቱ አይቀመጥም ብሎ፣ እየቀደደ ብሩሽ ጠረገበት።

ምሳውን ጠረጴዛው ላይ መብላት ጀመረ። የዓመት ዕረፍቱን መውሰድ ተወ። ሌላው ወደ ቤቱ ሲጣደፍ እሱ መስኮቱ እስኪጨልም ይቀመጣል። እትዬ መቀስ ናሙና ሊወስዱ ሲወጡ ሁልጊዜ በዚያው ወንበር ያገኙታል።

«አንተ ልጅ፣ ሥር ሰደድክ እኮ! ውሃ ላጠጣህ?»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«ሥራማ እኛም አለን። አይደክምህም?»

«አይደክመኝም።»

«እንግዲያው ስምህ አይደክሜ ይሁን! የማይደክመው ግን ድንጋይ ነው፤ እሱም አይነድፍም» ብለው ወረዱ።

የፊተኛውን ብቻ ሰማ። ለኋለኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስሙ በአንድ ሳምንት ፋብሪካውን አዳረሰ፤ በስብሰባም ላይ «ከእሱ ተማሩ» ተባለለት። ሲባልለት አንገቱን ይደፋል፤ ልቡ ግን እንደ ሊጥ ይነፋል።

ንድፉ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዛ። ወርዶ የታተመው ግን እርስ በርሱ ይመሳሰል ጀመር። የዛሬው ጽጌረዳ የትናንቱ ጽጌረዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ የነገው ደግሞ የዛሬው የእንጀራ ልጅ። ጨርቁ መጋዘን ውስጥ መክረም ያዘ። ለምን እንደሚከርም በግልጽ የነገረው ሰው አልነበረም፤ የሚሮጥን ሰው አስቁሞ «ወዴት ነህ?» ማለት ያሳፍራል። እሱም ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነውና አልታወቀውም።

የምርት ኃላፊው ወደ ንድፍ ክፍሉ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበር ስቦ ከመቀመጡ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለ። «አዲሱ ሆቴል ለክፍሎቹ ሁሉ መጋረጃ ከእኛ ሊያሠራ ነው። የሚፈልጉት በማንም ቤት ያልታየ ንድፍ ነው። ከተቀበሉን ይህ ክፍል ይቀጥላል። ካልተቀበሉን…» ጣቱን በጠረጴዛው ለስላሳ ጠርዝ ላይ አመላለሰ። «ካልተቀበሉን ንድፍ ከውጭ በኮምፒውተር እንግዛ ተብሏል። ክፍሉ ይዘጋል።»

«ይዘጋል?»

«ይዘጋል። ግን ጊዜ አለን። እኔን ቢሰሙኝ፣ መጀመሪያ ዕረፍትዎን ይውሰዱ። ከሥራው ራቅ ብለው፣ ዓይንዎን አሳርፈው ይምጡ።»

አይደክሜ ሳቀ፤ የምር ሳቀ። «ዕረፍት? አሁን? አለቃ፣ አንተም ትቀልዳለህ!»

«አልቀለድኩም ጋሼ» አለ ኃላፊው። ነገር ግን ሽማግሌ ላይ መጫን ነውር ሆኖበት ተነሥቶ ወረደ።

በቤቱም የጠበቀው ይኸው ቃል ነበር። ሚስቱ ሻንጣ አውጥታ አልጋው ላይ ከፍታዋለች። እህቷ ከሐይቁ ዳር ትኖራለች፤ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ኑ እያለች ስትጠራቸው ዓመታት ተቆጥረዋል።

«እንሂድ» አለችው። «ዓሣ እንኳ አታጥምድ። ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

«ሴትዮ፣ ቤት ሲቃጠል ሰው ሄዶ ሐይቅ ዳር ይቀመጣል?»

«ውሃው ያለው እዚያ አይደል እንዴ?»

መልስ ያጣ ሰው ወይ ይሸነፋል ወይ ይቆጣል፤ እሱ ተቆጣ። በማግሥቱ ሚስቱ ብቻዋን ሄደች። በሩ ላይ ቆማ «ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሮጠው እግር ነው እንጂ ጭንቅላት አይደለም» አለችው። ይህንንም አልሰማትም፤ ቀለም እየበጠበጠ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳለፈው ጊዜ ሲነገር አጭር፣ ሲኖሩት ግን ረጅም ነው። ይነድፋል፤ ይቀድዳል፤ ይጥላል። ክበብ ሲነድፍ ክበቡ ዓይን ይሆንና ያፈጥበታል። አበባ ሲነድፍ አበባው ገና ሳያልቅ ይሰለቸዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ የተቃጠለ ድስት ሽታ ያለ ይመስለዋል። አንዳንዴ እርሳሱን ይዞ ምን ሊሠራ እንደነበረ ይጠፋበትና፣ ከሥር የማተሚያው መኪና ሲያንኮራፋ ብቻ ያዳምጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሱ ግን ለመልቀም እንኳ ጎንበስ የሚልበት ፋታ አልነበረውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እጁ በድንገት ተፈታ። እርሳሱ ሳይጠየቅ መሄድ ጀመረ። ሐረግ ወጣ፤ ሐረጉ ተጠማዘዘ፤ ቅጠል አወጣ፤ ቅጠሉ በቅጠል ላይ ጥላ ጣለ። ልክ እንደዚያ እንደ ጥንቱ! የሚያስብበት ምንም ነገር አልነበረም። መስመሩ ሁሉ ተመርቆ የተሰጠው ይመስል በየቦታው ተቀመጠ። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ትግል ያመጣዋል! ትግል ያመጣዋል ብዬ ነበር!» አለ ለባዶው ክፍል።

አሮጌው አለቃ ቢኖሩ ኖሮ «አልብሰው» ይሉት ነበር። ያለቀ ንድፍ ወደ ማተሚያው ከመውረዱ በፊት ጠረጴዛው መልበስ አለበት፤ ነዳፊውም ወጥቶ፣ ረስቶት፣ በሌላ ሰው ዓይን ሊመለስበት ይገባል። አቡጀዲው ግን ተቀድዶ አልቋል። ወረቀቱን ቀለሙ ሳይደርቅ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ፣ ወደ ማተሚያው አዳራሽ ወረደ። ቀለም የሚያሳልፉት ወንፊቶች በአዲስ መልክ ተሠሩ፤ ናሙናውም በረጅሙ ታተመ።

ከሆቴሉ የተላከችው ሴት በመጣች ዕለት ሁሉም በማጣጠፊያ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ኃላፊው አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። አይደክሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እትዬ መቀስ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ይተረትሩት ጀመር። ጨርቁ ሲፈታ አዳራሹን አረንጓዴ አለበሰው። ሴትየዋ ፈገግ አለች። ኃላፊውም ፈገግ አለ።

በዚህ መካከል የእትዬ መቀስ እጅ ቆመ። ቆመና፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጨርቁን አንድ ቦታ ላይ ያዘና አጠፈ።

«ምነው እትዬ? ይፍቱት እንጂ» አለ ኃላፊው።

«እሺ… እጄ ነው» አሉና ቀና ብለው አይደክሜን አዩት። በዚያ ሹል ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ርኅራኄ አይቶ አያውቅም።

ሴትየዋም ግንባሯን ቋጥራለች። «ይህን የሆነ ቦታ ላይ አይቼዋለሁ» አለች። ጠጋ አለች። «ቆይ… እናቴ ቤት! የእናቴ ሳሎን መጋረጃ አይደል እንዴ? ልጅ ሆኜ ተደብቄበታለሁ እኮ!»

«አይሆንም!» አለ አይደክሜ። «አዲስ ነው። ወንፊቱ ራሱ ገና መሠራቱ ነው። በገዛ እጄ…»

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል?» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ መቀስ ጣታቸውን ባጠፉት ቦታ ላይ አሳረፉና፣ ለእሱ ብቻ እንደሚነግሩ ሁሉ፣ «የኔ ወንድም፣ ይሄ ቅጠል ዛሬም አልታረቀም እንዴ?» አሉት።

አይደክሜ አየው። ቅጠሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩ፣ በመጋጠሚያው ላይ አንዲቱ ጀርባዋን ሰጥታለች። ቀና አለ። በመስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ ዓመታት ሙሉ ጠዋትና ማታ እሱ ባጠገቡ ሲያልፍበት የኖረው መጋረጃ ተሰቅሏል። ኃላፊው የአዲሱን ጨርቅ ጫፍ ይዞ ከመጋረጃው ጋር አስተያየው። ግንድ ከግንድ፣ ጅማት ከጅማት ገጠመ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የአንደኛው መንጣት ብቻ ነው።

የሚያርፍ ሰው ከሥራው ርቆ ሲመለስ የቆየውንና አዲሱን ለይቶ ያያል። ጨርሶ ያልራቀ ሰው ግን የገዛ ጥላውን እንግዳ ነው ብሎ ይቀበለዋል። አይደክሜም ሌላ ስሕተት አልሠራም። የደከመ እጁ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለእሱም መንገዱ አዲስ አገር መሰለው።

ሴትየዋ በትሕትና አመስግና ሄደች። ኃላፊውም አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ጋሼ፣ ዓይን ነው የደከመው» አለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ እንዲሁ በለሰለሰ ድምፅ «ያልተወሰደ ብዙ ዕረፍት አለዎት፤ እሱን ይውሰዱና በዚያው ጡረታዎ ይከተላል» አለው። ስንት ዓመት የሸሸው ዕረፍት እንዲህ ሆኖ፣ በር መዝጊያ ሆኖ መጣለት።

መጀመሪያ ላይ ማረፍ አልቻለበትም። ጠዋት ለብሶ ይወጣና መንገድ አጋማሽ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ሚስቱ ከሐይቁ ዳር መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው፤ ዝም ብሎ ተከተላት። እዚያም ተኛ። ዓመታት የተጠራቀመ እንቅልፍ ከየት እንደሚወጣ እስኪገርማቸው ድረስ ተኛ። ሲነቃ ከደጅ ይቀመጣል፤ የሚስቱ እህት ባል መረቡን ሲጠግን ያያል። ስለ ሥራ የሚያነሣበት የለም፤ እሱም አያነሣም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ተንጋልሎ ጣሪያውን ሲያይ፣ የሐይቁ ብርሃን በመስኮት ገብቶ በኮርኒሱ ላይ ይጫወት ነበር። በመስኮቱ ላይ ሊደርቅ የተሰጣው መረብ በብርሃኑ መካከል ገብቷል። የመረቡ ዓይኖች ይከፈታሉ፤ ይጠባሉ፤ ይያያዛሉ፤ ብርሃኑ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አበባ የለም፤ ቅጠል የለም። አላሳደደውም። ሻዩን ጠጣ፤ ጥቂት ተራመደ፤ ሲመለስ ሁሉ ነገር ከነመጋጠሚያው ተሰናድቶ ጠበቀው። ስኳር የተጠቀለለበትን ቡኒ ወረቀት ዘርግቶ ነደፈው። ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው አየችው።

ሲጨርስ ደስታ አልታየበትም። ወረቀቱን አዙሮ አሳያት።

«ይሄን ከዚህ በፊት አይተሽዋል?»

«ኧረ እኔ አላየሁትም።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«እውነቴን ነው! ምን ሆነሃል?»

አላመናትም። የምትወድ ሴት ትዋሻለች፤ የገዛ እጁ ራሱ ዋሽቶታል፤ ታዲያ ማንን ይመን? የማይዋሹ አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«አይደክሜ!» አሉ እትዬ መቀስ ሲያዩት። «ወፍረሃል እሰይ! ምን እግር ጣለህ?»

«አንድ ነገር እንዲያዩልኝ ነው እትዬ።»

ከአጥሩ ጥግ ወስደውት ወረቀቱን ዘረጉት። ጣታቸውን በመጋጠሚያው ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በቀስታ አሳለፉ። ዳግመኛ አሳለፉ። አይደክሜ የጓጓለት ማንም እንደሚገምተው አልነበረም፤ በልቡ «የቆየ ነው በሉኝ፣ የቆየ ነው በሉኝ» እያለ ይለምናቸው ነበር። የቆየ ከሆነ፣ ምንጩ ቀድሞውኑ ደርቆ ነበር ማለት ነው፤ ያጠፋው ነገር የለም። አዲስ ከሆነ ግን…

«አላውቀውም» አሉ።

«ደህና አድርገው ይዩት።»

«አየሁት እኮ! የት ላይ እንደማጥፈው እንኳ አላውቅም፤ ያኮረፈ የለበትም። አዲስ ነው የኔ ወንድም። እንዲህ ያለ በእጄ አልፎ አያውቅም።» ቀና ብለው ፊቱን አዩት። «ከየት አመጣኸው?»

«ተጋድሜ» አለ።

በዚህ መካከል የኃላፊው መኪና ከግቢው ወጥታ ቆመች። ኃላፊው ወርዶ ሰላምታ ሰጠ፤ ወረቀቱንም አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። «ቆንጆ ነው ጋሼ» አለ። «በጣም ቆንጆ ነው። ያን ጊዜ ይሄ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰውም። ሆቴሉ መጋረጃውን ከሌላ ቦታ አሠርቶ ሰቅሏል። ወንፊቶቹ ተሽጠዋል። የአይደክሜን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ መኪናው ተመለሰ።

«ጠረጴዛውስ?» አለ አይደክሜ እትዬ መቀስን።

«ለሁለት ተቆርጦ እኛ ጋ ወርዷል። የማጣጥፈው እሱ ላይ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሰብረው። «ጠርዙ ለጨርቅ ይመቻል።»

«ጅብ ከሄደ…» አለ። ቀሪውን ሁለቱም ያውቁታልና አልጨረሰውም።

ወረቀቱን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ፤ በእግሩ ወደ ቤቱ አዘገመ። መንገዱ መኖሪያ ቤቶች የተደረደሩበት ነው። በአንዳንዱ መስኮት ላይ የጥንቱ ሐረግ፣ ታጥቦ ታጥቦ የገረጣ፣ አሁንም ተሰቅሏል። ቀና ብሎ አላየም።

ሚስቱ ከሐይቁ ዳር ተከትላው መጥታ በሩን ከፍታ ትጠብቀው ነበር።

«ምን አሉህ?»

ወረቀቱን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አቆመው። ኮቱን አወለቀ። ተቀመጠ።

«የቆየ ነው አሉ» አለ።

ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ሲወለድ ያየችው ሴት አፍዋን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«እንደዚያ ከሆነማ» አለች፤ ሻይ ቀዳችለት።